«ማን እንደ እናት» ደረጃ አይደለም ወይ?

አንድ ጸሐፊ አማርኛ እንደ እንግሊዝኛው «-est» «ከሁሉ የበለጠ» የሚያሰኝ ቅጥያ የለውም፣ ስለዚህም ጎደሎ ቋንቋ ነው ብለዋል። ቅጥያ የለውም ማለታቸው ልክ ነው። ጎደሎ ነው የሚለው ግን አልተዋጠልኝም።

ባለፈው እዚሁ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ልገዛ ወጣሁ። ሻጯ እናት ቅጠሉን ገለጥ አድርገው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። «እስኪ አሽትተው ልጄ፣ ይኸን የሚያህል ካገኘህ ሂድና ግዛ!» «ምርጥ» አላሉም፣ «በጣም» አላሉም። ግን ከዚህ በላይ ምን ሊባል ነው? ወዲያው ገዛሁ።

እኛ የመጨረሻውን ደረጃ የምንገልጸው ብዙ ጊዜ ተፎካካሪ በማሳጣት ነው። «ወደር የለውም» እንላለን። ወይም እንጠይቃለን፦ «ማን እንደ እናት!» መልስ አይጠበቅም። ደረቅ መረጃ ሲሆን ደግሞ «ከ» እና «ሁሉ» ይበቃሉ። ራስ ዳሸን ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ይረዝማል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። አለቀ።

ግእዝማ ሌላ ውበት አለው። ስሙን በራሱ ብዙ ቁጥር ላይ ይደርበዋል፦ ንጉሠ ነገሥት፣ ቅድስተ ቅዱሳን፣ መኃልየ መኃልይ። ዕብራይስጥም እንዲሁ ያደርጋል። አፄ ፋሲልን «ንጉሠ ነገሥት» ስንል ከነገሥታት በላይ የሆነ ንጉሥ ማለታችን ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። አሁን አሁን ማስታወቂያው ሁሉ «ከምርጦቹ አንዱ» ሆኗል። ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተገለበጠ አባባል ነው። «እጅግ በጣም ምርጥ»ም ሲደጋገም ቃሉ ይሟሟል። ልጆቻችን «የሚያህለው የለም» ማለትን እንዳይረሱ እፈራለሁ።