ዘሩ ተፈትኗል፤ ጉቶውን ማን ነቀለው?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት የዘይት ዋጋ ተነሥቶ፣ እንግዳው የሱማትራንና የማሌዥያን የፓልም ዛፍ የሚጨርሰው ጋኖደርማ የተባለ ፈንገስ ጉዳዩ እንዳበቃለት ነገሩን። በሽታውን የሚቋቋም ዘር ገበያ ላይ ውሏልና የአቅርቦት ሥጋት የለም አሉ። አወያዩም ምንም ሳይጠይቅ አለፈ።

ማስረጃቸው ዘሩ ተፈትኖ አልፏል የሚል ነው። ፈተናውን እንየው። 6 በ6 በ12 ሴንቲሜትር የሆነ የጎማ ዛፍ እንጨት ተቆርጦ ተህዋስ እንዳይኖረው በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ፈንገሱ ይዘራበታል። እንጨቱን ሲወርሰው ከችግኝ ሥር ጋር አነካክተው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይቀብሩታል። ከወራት በኋላ የሞተው ይቆጠራል። ከረጢቶቹ ፀሐይ ላይ ከዋሉ አፈሩ ይግልና ፈንገሱ ይዳከማል፤ ያኔ ደካማው ዝርያ ሁሉ ጀግና ይመስላል። ጥላው ቢስተካከልም የሚገኘው ውጤት ደረጃ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። እንበል በአማካይ ከ100 ችግኝ 60 በሞተበት ፈተና 35 የሞተበት ዘር «ተቋቋመ» ይባላል። 35 እኮ ሞቷል!

በዝርያዎች መካከል ልዩነት መኖሩን አልክድም። የእስያ ተከላ የእናት ወገን ደሊ የሚባለው ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ እ.ኤ.አ. በ1848 በኢንዶኔዥያው የቦጎር የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ከተተከሉ 4 ዛፎች ይመዘዛል። በዚህ ፈንገስ በቀላሉ የሚጠቃውም እሱ ነው። ከኮንጎና ከካሜሩን ወገን የተዳቀለው ይሻላል። ይሻላል ማለት ግን አይሞትም ማለት አይደለም።

ሌላውን የፓልም በሽታ ፉዛሪየምን በአፍሪካ በዘር መርጠን አሸንፈን የለ ወይ የሚሉም አሉ። ፉዛሪየም የሕያው ዛፍ የውኃ መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ የሚያጠወልግ ፈንገስ ነው። ጋኖደርማ ግን እንጨት በል ነው፤ ለመኖር ሕያው ዛፍ አያስፈልገውም፣ የሞተ ጉቶ ይበቃዋል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዛፎቹ በ9 ሜትር ርቀት በሦስት ማዕዘን ሲተከሉ አንድ ሄክታር 143 ይይዛል። ከ25 ዓመት በኋላ ተቆርጠው አዲስ ሲተከል አሮጌው ጉቶ መሬት ውስጥ ከቀረ፣ የአዲሱ ችግኝ ሥር ተስቦ ይደርስበታል። በመጀመሪያው ተከላ ከ10 ዓመት በኋላ ብቅ ይል የነበረው በሽታ በሦስተኛው ተከላ ገና በ4 እና በ5 ዓመቱ ይመጣል። የመሐል ቅጠሎች ሳይዘረጉ ሁለት ሦስት ሆነው እንደ ጦር ቆመው ሲታዩ የግንዱ ሥር ግማሹ በስብሷል፤ ከዚያ በኋላ ግንዱ ዙሪያ አፈር መከመር ዕድሜ ይቀጥል እንደሆነ እንጂ አያድንም። ስለዚህ ኤክስካቫተር ገብቶ ጉቶውን ከነሥሩ ቢያንስ 1 ሜትር ቆፍሮ ማውጣትና ግንዱን መቆራረጥ ግድ ነው። ወጪው ከባድ ነው። የዘር ከረጢት ላይ «ተቋቋሚ» ብሎ መጻፍ ግን ርካሽ ነው፤ ሻጩ ለምን እንደሚወደው ይኸው!

እኛ አገር ዲገሉ የተባለው ስንዴ በ2006 ዓ.ም. ባሌና አርሲ ላይ በአዲስ የግንድ ዋግ ሲመታ ገበሬው ለቀጣዩ ክረምት ሌላ ዘር መፈለግ ይችል ነበር። ፓልም የተከለ ሰው ግን በዘሩ ከተታለለ ለ25 ዓመት ተታለለ።

ዘሩ በእርግጥ ሲቋቋም እንኳ በነፃ አይደለም። በኮሎምቢያ ቱማኮ አካባቢ እምብርት አበስባሽ የተባለ ሌላ የፓልም በሽታ ከ30 ሺህ ሄክታር በላይ ሲያወድም፣ መልሰው የተከሉት ከአሜሪካው የፓልም ዘመድ የተዳቀለውን ነው። በሽታውን ይችላል። አበባው ግን በራሱ በቂ ፍሬ ስለማይቋጥር ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ዛፍ ለዛፍ እየዞረ ከታልክ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ የአበባ ብናኝ ይነፋበታል። የዚያ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚጨመረው የዘይቱ ዋጋ ላይ ነው።