እርማት፦ የአረብ ሴቶች ፖለቲካን የጀመሩት ከ2011 ወዲህ አይደለም

«የአረብ ሴቶች ወደ ፖለቲካ የገቡት ከ2011ዱ አብዮት በኋላ፣ የውጭ ድርጅቶች ስላሰለጠኗቸው ነው» የሚል አባባል ይሰማል። ብዙ ሰው የሚደጋግመው ስህተት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ሁዳ ሻዕራዊ የግብፅን የሴቶች ማኅበር የመሠረተችው በ1923 ነው። ወጣቷን ዶሪያ ሻፊቅን ደግፋ ፓሪስ ሄዳ እንድትማር የረዳቻትም እሷው ናት። ዶሪያ በ1951 ብዙ ሴቶችን አስከትላ ካይሮ የሚገኘውን ፓርላማ ጥሳ ገባች። የመምረጥ መብት በ1956 ተገኘ፤ በ1957 ራውያ አጢያና አሚና ሹክሪ የምክር ቤት አባል ሆኑ።

ስልጠና አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ በሩን የሚከፍተው ግን ሕግ ነው። ቱኒዚያ በ2011 በእጩዎች ዝርዝር ላይ ሴትና ወንድ እየተፈራረቁ እንዲሰፍሩ ደነገገች። ፓርቲዎቹ ግን የመጀመሪያውን ቦታ በአብዛኛው ለወንድ ሰጡ፤ ከአንድ ዝርዝር አንድ ሰው ብቻ ሲያልፍ ደግሞ የሚያልፈው የመጀመሪያው ነው። ለ2018ቱ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ከየፓርቲው ዝርዝሮች ግማሹን ሴቶች እንዲመሩ ሕጉ ሲያስገድድ፣ ከተመራጮቹ 47 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሆኑ፤ ሱአድ አብደራሂምም የቱኒስ ከንቲባ ሆነች። በ2022 የወጣው የምርጫ ሕግ በፓርላማ ምርጫ ሴትና ወንድ እጩዎችን የማፈራረቁን ግዴታ ሲያስቀር፣ በፓርላማው የሴቶች ቁጥር ወዲያው አሽቆለቆለ።