ዎርዚንግተንን ሳታዩ «አለቀላቸው» አትበሉ

ይህን አስተያየት የምጽፍበት ጽሑፍ የአሜሪካ ትናንሽ የገጠር ከተሞች በሙሉ እየሞቱ ነው ይላል። «በሙሉ» የሚለው አልተዋጠልኝም። ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ያለችውን ዎርዚንግተንን ተመልከቱ። በ1990 ቆጠራ ሕዝቧ 10 ሺህ አልሞላም ነበር፣ በ2020 ግን ወደ 14 ሺህ ተጠግቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ሰውም ከጓቴማላ፣ ከሜክሲኮ፣ ከላኦስ፣ ከማይንማር፣ ከእኛም አገር ሳይቀር መጣ።

ሥራው እንዲህ በዋዛ የሚያዝ አይደለም። ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ፣ ቢላ ይዞ፣ ያንኑ አቆራረጥ ሙሉ ፈረቃ መደጋገም ነው፤ ትከሻና የእጅ አንጓ ይጨርሳል። ቢሆንም እንግሊዝኛ ገና ያልያዘ ሰው ልጆቹን ያሳድግበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ተማሪው ሞልቶ ሲጨናነቅ የማስፋፊያው ገንዘብ በሕዝብ ድምፅ ተደጋግሞ ወድቆ በ2019 በጠባብ ልዩነት አለፈ። ገንዘቡ የሚሰበሰብበት ግብር በእርሻ መሬት ላይ ስለሚከብድ ገበሬዎቹ መቃወማቸው ይገባኛል። ግን እነዚያ ልጆች የት ይማሩ? ደግሞስ ከተማዋ በአንድ ፋብሪካ ላይ ይህን ያህል ተደግፋ እስከ መቼ? ጸሐፊው በሚቀጥለው ይህን ቢያነሳልን ደስ ይለኛል።