ባሕር ስለሌለን ጦሳ ሲሚንቶ ይልበስ?

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ በተደረገ አንድ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ሐሳብ እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል። ከከተማው ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጡት የእግር መንገዶች ይስፉ፣ ኮብልስቶን ይነጠፍባቸው፣ ግራና ቀኛቸው የብረት አጥር ይቁምላቸው፣ መሐል መሐል ላይ ደግሞ ሰው ፎቶ የሚነሳበት የኮንክሪት ሰገነት ይሠራላቸው ነው የተባለው። ስሙ «የሩጫና የእግር ጉዞ መስመር» ይሆናል። የመግቢያ ክፍያው ወደፊት ይታያል ተብሏል።

በስላይዱ ላይ ደስ የሚል ፎቶ ነበር። ገደላማ የባሕር ዳርቻ፣ ከታች የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ከላይ በገደሉ አፋፍ የሚሮጡ ሁለት ሰዎች። ከሥሩ «ኮርንዎል፣ እንግሊዝ» ይላል። አቅራቢው ፎቶውን እያሳዩ የተናገሩት ነገር ነው ይህን ያስጻፈኝ። «እነሱ ባሕር አላቸው። እኛ ባሕር የለንም። ስለዚህ ለዓይን የሚስብ ነገር በግንባታ መፍጠር አለብን» አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ።

ምኑ ነው የሚጨበጨብለት? ባሕር እንደሌለን ማንም ያውቃል። ግን ሰው ለመሮጥ ባሕር ያስፈልገዋል ያለው ማን ነው?

ኢተን የምትባለውን የኬንያ ከተማ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሁሉ ያውቃታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከጫፏ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ የሚታየው የስምጥ ሸለቆው አካል የሆነው የኬሪዮ ሸለቆ ነው። ባሕር የለም፣ የኮንክሪት ጌጥም የለም። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሯጭ እየመጣ ሳምንታት ይቀመጥባታል። የሚመጣው ለከፍታዋና ለቀዩ የአፈር መንገዷ ነው። ደሴም 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እሷም የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ላይ ነው። አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ይህን ለማወቅ ጂኦሎጂ መማር አያስፈልገውም። ፈረንሳይ ውስጥ ያለችው ሻሞኒም ባሕር የላትም። እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያ የተጀመረው የሞንብላን ተራራ ዙሪያ የሩጫ ውድድር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ሲደመር 10,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚመጣው ለዚያ ዳገት ነው። «ባሕር የለንም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አበቃለት።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

በኮርንዎል ገደሎች ላይ የሚያልፈው መንገድ ከማይንሄድ ተነስቶ የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝን ጠረፍ እየዞረ እስከ ፑል የሚዘልቅ፣ 1,014 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የእግር መንገድ ነው። ፎቶውን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ሯጮቹ ምን እንደሚረግጡ ይታየዋል። አፈር ነው የሚረግጡት። ወርዱ አንድ ሰው የሚያሳልፍ፣ ጎንና ጎኑ ሣር የበቀለበት፣ እዚህም እዚያም ድንጋይ ያፈጠጠበት ቀጭን መንገድ ነው። ኮብልስቶን የለበትም። የብረት አጥር የለበትም። በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ላይ የምታገኙት ግንባታ የእንጨት ቋሚ ነው፤ በላዩ ላይ ትንሽ የኦክ ፍሬ ምስል ይቀረጽበታል። የእንግሊዝና የዌልስ ብሔራዊ የእግር መንገዶች ምልክት እሱ ነው። ቀስቱን አይተህ ትሮጣለህ፣ በቃ። አቅራቢው ለሲሚንቶ ማስረጃ ብለው ያመጡት ፎቶ ሲሚንቶ የሌለበት ነው። አንድም ሰው እጁን አውጥቶ ይህን አለመናገሩ ያበሳጨኛል።

መንገዱ እንዴት እንደተሠራ ሲጠየቅ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኮንትራክተር አልነካውም። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮንትሮባንድ የሚያሳድዱ የጠረፍ ጠባቂዎች ነበሩ። ጀልባ ተሸሽጎ የሚጠጋበትን እያንዳንዱን ጥግ ቁልቁል ማየት ነበረባቸው። ስለዚህ የገደሉን አፋፍ ሳይለቁ ሌት ተቀን ይመላለሱ ነበር። መንገዱን ያወጣው የእነሱ እግር ነው። ሯጩም ሆነ አገር ጎብኚው የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዛሬ ለመዝናኛ የሚሮጥበት መስመር መነሻው እንጀራ ፍለጋ ነው።

የጦሳ መንገድስ ከዚህ በምን ይለያል? ማለዳ ላይ ወጥታችሁ ተመልከቱ። እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። አህያ እየነዳ ገበያ የሚወርድ ገበሬ አለ። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ አለ። መንገዱን ያወጡት እነሱና የእነሱ ወላጆች ናቸው። ሲመርጡትም ሸክም ይዘው ነው የመረጡት። ሸክም የያዘ ሰው የተሳሳተ ቦታ ላይ እግሩን አያሳርፍም፤ ይወድቃላ። ዳገቱ ሲጠና መንገዱ የሚጠመዘዘው ለዚህ ነው። የሚያንሸራትተውን ሸክላ አፈር ሲያገኝ ዞሮት ያልፋል። ውሃ የሚወርድበትን ቦታ አቋርጦ የሚሻገረው ድንጋይ ባለበት በኩል ነው። ይህን ሁሉ ልኬት በየቀኑ ሲረግጡት የኖሩ ሰዎች በእግራቸው አስቀምጠውታል። የትኛው ቢሮ ነው አሁን ከዚህ የተሻለ መስመር በኮምፒውተር አውጥቼ ልስጣችሁ የሚለው?

ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ሯጭና ተሸካሚ ሲገናኙ ሕግ አለ። ማንም አልጻፈውም። ሯጩ ወደ ዳገቱ በኩል ጠጋ ብሎ ይቆማል፣ ሸክም ያላት ታልፋለች። ገመዱ ደረቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጎንበስ እንዳለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ «በርታ ልጄ» ትለዋለች። «እናቴ፣ አይዞሽ» ይላታል። ቅጠሉ ክንዱን እየጠረገው ያልፋል። እሱም በዚያች ደቂቃ ትንፋሹን ሰብስቦ ይቀጥላል። የሩጫና የእግር ጉዞ መስመር ማለት ይህ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ነው።

አጥር ሲቆም እነዚህ ሴቶች የት ይሂዱ? ይህ ጥያቄ በመድረኩ ላይ ተነስቶ ነበር። መልሱ «ለአካባቢው ተጠቃሚ አማራጭ ይፈለጋል» የሚል ነው። እንዲህ ዓይነቱ «ይፈለጋል» የት እንደሚደርስ ስለምናውቀው አልዘረዝረውም። መንገዱን ያወጣችውን ሴት ከመንገዷ አስወጥቶ፣ ሴልፊ ለሚነሳ ሰው ትኬት መቁረጥ ልማት ነው ተብሎ ሊነገረን አይገባም። ነውር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ዳገቱን መቁረጡ ነው። ደሴ መሬቷ የሚንሸራተት ከተማ ናት። ይህን የሚያውቁት ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው የሚሰነጠቅበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መንገድ ለማስፋት ዳገቱ ከሥሩ ይቆረጣል። ከሥሩ የተቆረጠ ዳገት የላዩን መሸከም ያቅተዋል። በዚያ ላይ የተነጠፈና በሲሚንቶ የታሰረ መሬት ውሃ እንደ ልብ አያሰርግም። ሣርና አፈሩ ውስጥ ተበታትኖ ይሰርግ የነበረው ዝናብ በአንድ ቦይ ተሰብስቦ፣ ጉልበት ገዝቶ ይወርዳል። የት ነው የሚያርፈው? ከጦሳ ሥር የሚኖረው ሕዝብ ላይ ነዋ! እኛ ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ብቻ ሳይሆን በልግም አለን። አቅራቢው ስለ ፍሳሽ ሲጠየቁ «በዲዛይኑ ይካተታል» ብለው አለፉት። ጦሳ ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚታለፍ ተራራ አይደለም።

እንግሊዞቹ እዚህ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? የእነሱም ገደል ይናዳል፤ ባሕሩ ከሥሩ እየበላው። ሲናድ መንገዱን ወደ ውስጥ ይገፉታል። ምልክቱን ነቅለው ትንሽ ገባ ብለው ይተክሉታል፣ ሰው በአዲሱ በኩል መሄድ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕጋቸው የመንገዱን መስመር ከሚናደው ገደል ጋር ወደ ውስጥ ማንቀሳቀስን ይፈቅዳል። ከዓላማዎቹ አንዱም ሕዝቡ በዳርቻው የመሄድ መብት እንዲኖረው ማድረግ ነው። የአፈር መንገድ ከተራራው ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ኮንክሪት ግን ተሰንጥቆ እዚያው ይቀራል፤ እኛም ለጥገና ሌላ በጀት እንጠይቃለን።

ስለ ሯጩ እግር ማንም አላነሳም፤ ለሩጫ ነው ከተባለ ግን ዋናው ነገር እሱ ነበር። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ልጅ ሳምንቱን ይከፋፍለዋል፦ አስፋልት፣ ኮሮኮንች፣ ጫካ። ጫካውን የሚሮጠው አፈሩ ለስላሳ ስለሆነና እግሩን ስለሚያሳርፈው ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው ስለሚለይም ቁርጭምጭሚቱ ይጠነክራል። የአዲስ አበባ አትሌት ከአስፋልት ሸሽቶ እንጦጦ፣ ሱሉልታና ሰንዳፋ ድረስ የሚሄደው ለዚህ ነው። የደሴ ልጅ ይህንኑ ከቤቱ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያገኘዋል። ጠንካራ መሬት ከፈለገማ ሞልቶለታል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ አለ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከአይሱዙና ከተሳቢ ጋር እየተጋፉ ነው የሚሮጥበት። የቀረችውን አንዲት ለስላሳ መሬት በድንጋይ ለብጦ «ለስፖርቱ አሰብንለት» ማለት ስፖርቱን አለማወቅ ነው።

«ክረምት ላይ ጭቃ ነው» የሚልም ሰምቻለሁ። አዎ፣ ጭቃ ነው። ጭቃ ላይ የሮጠ ሰው ታጥቦ ቤቱ ይገባል። ዝናብ የመታውና የባሕር ዛፍ ቅጠል የተነጠፈበት ኮብልስቶን ላይ ቁልቁል የሮጠ ሰው ግን ሐኪም ቤት ነው የሚገባው። በከተማው ውስጥ ቁልቁለት ላይ የተነጠፉትን ኮብሎች ነሐሴ ውስጥ በእግሩ የወረደ የደሴ ሰው ምስክሬ ነው። ይዞ የሚወርደው የሰው ግንብ ነው።

ምንም አይሠራ አላልኩም። ውሃ መንገዱን ቆርሶ የወሰደባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ላይ በደረቅ ድንጋይ ደረጃ ቢሠራ ተሸካሚዎቹም ይመርቃሉ። መነሻው ላይ የውሃ ቧንቧና መጸዳጃ ይኑር። መንታ መንገዶቹ ላይ የእንጨት ምልክት ይተከል፤ የትኛው ወደየት እንደሚወስድና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ የሚያሳይ። ሴቶች ልጆች ማለዳ ብቻቸውን ሲሮጡ ስጋት እንዳይኖርባቸው ጥበቃ ይመደብ። ይህ ሁሉ ለአንዱ የኮንክሪት ሰገነት ከሚወጣው ገንዘብ አይበልጥም ብዬ እከራከራለሁ። ችግሩ ይመስለኛል ርካሽ መሆኑ ነው። ርካሽ ነገር ጨረታ አይወጣለትም፣ ሪባንም አይቆረጥለትም።

የኮምቦልቻ ሰዎችም ጉዳዩ የደሴ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። እዚያው መድረክ ላይ ጦሳ «ሞዴል» ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ሌሎች ቦታዎች ይሰፋል ተብሏል። ቀጥሎ ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የጎፍ ተራራ እዚያው ከጎናችሁ ነው። ያንን የሚያህል ጫካ ያለው ከተማ ልጆቹ በእግራቸው የሚገቡበትን ቀጭን መንገድ ከአሁኑ ካላስከበረ፣ ኋላ በትኬት ነው የሚገባበት።

ጨረታው ገና አልወጣም ተብሏል። እንግዲያውስ ሐሳቡን ያዘጋጁት ሰዎች መጀመሪያ ሦስት ነገር ያድርጉ። ከዝናብ በኋላ አንድ ማለዳ በእግራቸው ጦሳን ይውጡ። እንጨት ከሚያወርዱት ሴቶችና እዚያ ከሚለማመዱት ልጆች ጋር ቆመው ይነጋገሩ። የዳገቱን መንሸራተት የሚያጠና ባለሙያ መስመሩን አይቶ የጻፈውን ለሕዝብ ያሳዩ። ይህ እስኪሆን ከጦሳ ላይ አንድ ድንጋይ እንዳይነሳ።