ውዳሴ ለ«ቦታ ይዛልኝ ነው»

ማታ 12 ሰዓት መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የቅልጥፍና ትምህርት በነፃ ይማራል። ሚኒባሷ የምትይዘው 12 ሰው ነው። ሰልፉ ደግሞ ተጠማዞ ተጠማዞ ጫፉ አይታይም። ሁሉም በየተራው ይግባ ከተባለ የመጨረሻው ሰው ስንት ሰዓት እራቱን ሊበላ ነው? አስተዋይ ወገኖቻችን ለዚህ መላ አላጡለትም። እነሱ ፊት ይገባሉ።

አገባባቸው ያስቀናል። ስልክ ጆሮ ላይ፣ ዓይን ሩቅ፣ እግር ቀስ እያለ ወደፊት። አምስተኛዋ ልጅ ጋ ሲደርሱ «ውይ፣ እዚህ ነሽ እንዴ!» ልጅቷን ገና አሁን ነው ያዩዋት። ከኋላ የሚጮህ ከተገኘ መልሱ ተዘጋጅቷል፦ «ቦታ ይዛልኝ ነው!» ልጅቷ ይሉኝታ ይዟት መሬት መሬት ታያለች። (ይሉኝታ የሚባል ነገር ባይኖር ይህ ሁሉ ጥበብ አንድ ቀን አያድርም ነበር።) ተራ አስከባሪው አለ አይደል እንዴ የምትሉ የዋሆች አላችሁ። አለ። እሱ የሚያስከብረው የታክሲውን ተራ ነው፤ የሰውን ማን ቀጠረው?

አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ይቅደሙ የሚሉም አሉ። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን እኚያ እናት ከነከዘራቸው ወጥተው እስኪቀመጡ ሦስት ጎረምሳ ገብቶ ይደላደላል። የቱ ይቀላጠፋል?

ደስ የሚለው ጥበቡ ታክሲ ሰልፍ ላይ አልቀረም። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ፈላጊ ከ1997 እና ከ2005 ጀምሮ ተመዝግቦ፣ እየቆጠበ ተራውን ሲጠብቅ ኖሯል። ለሴቶች 30፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተብሎም ተለይቷል። ሲያዩት የሚያደክም ፍትሕ! ሐምሌ 2014 የ25,791 ቤቶች ዕጣ ወጣ፣ ተጨበጨበ። ብዙም ሳይቆይ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ሲስተሙ ውስጥ ተገኘ ተባለና ዕጣው ተሰረዘ። ኮምፒውተሩም ውስጥ ቦታ የያዘላቸው ነበራ! አይፈረድባቸውም፤ መመዝገብ፣ መቆጠብ፣ በየወሩ ባንክ መመላለስ ስንት የሥራ ሰዓት ይበላል።

ከ1997 ጀምሮ የጠበቁት ግን ያኔ ቅር ብሏቸው ነበር አሉ። እስቲ 17 ዓመት የቆመ ሰው ምን ያጣድፈዋል?