ሰርፕራይዝ ብላችሁ አትምጡብን

ሐምሌ ገባ። ይኸው ሊጀመር ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በሩ ይንኳኳል። ሲከፈት ሦስት ሻንጣ፣ ሁለት ሕፃን፣ አንዲት አክስት፤ ከኋላ ደግሞ ባጃጁ ሒሳቡን እየጠበቀ ቆሟል። «ሰርፕራይዝ!»

ኧረ በሥላሴ ተዉን!

እንግዳ አንጠላም። ጎንደር ውስጥ እንግዳ የሚጠላ ቤት ቢኖር ጎረቤቱ ራሱ አያስቀምጠውም። ያስመረረን የእንግዳው ብዛትም አይደለም፤ ቀኑን የማይናገር እንግዳ ነው። «የዘመድ ቤት ነው፣ ምን ፕሮግራም ያስፈልገዋል?» ትላላችሁ። ያስፈልገዋል እንጂ! በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የራሱ ቀን አለው። ሊጡ ቀን አለው፣ ውኃው ቀን አለው፣ ዶሮው ቀን አለው፣ ጠላውማ ሳምንታት አሉት። ቀን የሌላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ።

ከሊጡ እንጀምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ በሐምሌና በነሐሴ ብርዱ አጥንት ይገባል። በበጋ በሁለት ቀን የሚቦካው ሊጥ አሁን ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ቅዝቃዜው ከጠና አራትም ይደርሳል፣ ቡሃቃው በጋቢ ተጠቅልሎ ማለት ነው። ከቦካም በኋላ አላለቀም። ከላይ ያቆረው ውኃ ይደፋል፣ ከሊጡ አንድ ሁለት ጭልፋ ይወጣና በፈላ ውኃ ላይ ተማስሎ አብሲት ይሆናል፣ አብሲቱ በረድ ሲል ተመልሶ ይጨመራል፣ ከዚያ ኩፍ እስኪል ሌላ ሁለት ሰዓት። አብሲቱ ትኩስ እያለ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል። ከበዛ እንጀራው እርስ በርሱ ይጣበቃል። ካነሰ ደግሞ ዓይን አያወጣም።

እናንተ አምስት ሆናችሁ መጣችሁ። አንዱ ሰው በቀን ሦስት እንጀራ ቢበላ 15 ነው። መሶብ ውስጥ ያለው ግን ለቤቱ ሰው እስከ ሐሙስ ድረስ ተብሎ የተጋገረ 20 ነው፤ ማግስቱን አይሻገርም። ከዚያ ለቤቷ ባለቤት ያላት ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው በአንድ ቀን ሊጥ አፍለኛ መጋገር፤ ትኩሱን ይጣፍጣል፣ እስከ ማታ ግን ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ሁለተኛው ከሱቅ መግዛት። የሱቁ ሲቀርብ ደግሞ አክስት ጫፉን ቆረስ ታደርግና ወደ መብራቱ አስጠግታ «ይኼ ነገር ሩዝ አለበት እንዴ?» ትላለች። አለበት፣ እትዬ። በደወሉ ኖሮ አይኖርበትም ነበር።

መብራቱስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ከጉዞ የገባው እንግዳ ገላውን ሊታጠብ የ1,500 ዋቱን ቦይለር ሲያበራ ሌላ 7 አምፔር ይጨመራል። ብሬከሩ 20 አምፔር የሆነበት ቤት ጨለመ። ይመልሱታል፣ እንደገና ይወድቃል፤ ምጣዱ በመሃል ይቀዘቅዝና ገና የተዘረጋው እንጀራ ነጥቶ ይቀራል። ጥፋቱ የምጣዱም የቦይለሩም አይደለም። መቼ እንደምትደርሱ ብናውቅ ከሰዓት በፊት ጋግረን ምጣዱን እናጠፋለን፣ ውኃውንም አሙቀን እንጠብቃለን።

ውኃ ካልን አይቀር፣ የጎንደር ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ የማያውቅ እንግዳ የለም። ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሻንጣውን ሲያስቀምጥ ይረሳዋል። አንድ በርሜል 200 ሊትር ነው። የሽንት ቤት ውኃ አንዴ ሲለቀቅ ቢያንስ 6 ሊትር ይወስዳል። አምስት ሰው በቀን አራት አራት ጊዜ ቢለቅ 120 ሊትር፤ በአንድ ቀን ከበርሜሉ የቀረው ለወጥ፣ ለዕቃ፣ ለፊት መታጠቢያ፣ ለሁሉም 80 ሊትር ነው። አራት ጀሪካን! ክረምት መሆኑ አንድ ነገር ብቻ ይጠቅመናል፤ የጣሪያ ውኃ አለ። 50 ካሬ የሆነ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ ወደ 500 ሊትር ይወርዳል፣ አሸንዳው ካልተቀደደና በቅጠል ካልተደፈነ። የመጀመሪያው አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ አቧራውንና የወፍ ኩሱን አጥቦ እስኪወርድ ይደፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ይጠራቀማል። ለሽንት ቤትና ለልብስ ይበቃል። እንግዳው ግን «የዝናብ ውኃ?» ብሎ ፊቱን ያጨማድዳል። ልጅ ሆኖ እዚያው አሸንዳ ሥር ራቁቱን ሲታጠብ ያየው ጎረቤት ገና በሕይወት አለ!

አሁን ወደ ዶሮው። ዘመድ ከሩቅ መጥቶ ዶሮ ካልተሠራ ቤቱ ይታማል። ግን ቀን መቁጠሪያውን ግለጡት። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ እስከ 15 ይጾማል። በመሃል ያለው ረቡዕና ዓርብ ሲወጣለት 18 ቀን ገደማ ነው። ዶሮ ወጥ የሚቻልባት የክረምቱ ዋና መስኮት ይህቺ ናት። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ነሐሴ 3 ከች! ልጆቹ አይጾሙም፣ እናትየው ትጾማለች፣ አባትየው «ለኔ አትቸገሩ» ይላል። «አትቸገሩ» የምትለዋን ቃል የፈጠረ ሰው ቢገኝ ደስ ይለናል፤ ከእሷ በላይ የሚያስቸግር ነገር የለም። የሚጾም ይጹም፣ የማይጾም ይናገር።

በዚያች መስኮት ውስጥ ብትመጡስ? አንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት ይፈልጋል። ልጦ ከትፎ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ውኃው እስኪመጥና እስኪላቁጥ ማቁላላት ብቻውን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ወጡ ውኃና ሽንኩርት ለየብቻ ይሆንበታል፤ በኋላ ምን ቅቤ ቢገባ አይታረቅም። ከበርበሬው በኋላ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። ዶሮውን ለብልቦ፣ አሥራ ሁለት ብልት አውጥቶ፣ በሎሚና በጨው ውኃው ጥርት እስኪል ማጠብ ሌላ ነው። በጠቅላላው ግማሽ ቀን። በስልክ «ነገ ለምሳ ነን» ቢባል ይደረሳል። በር ላይ «ሰርፕራይዝ» ሲባል ግን እንቁላል ፍርፍር ነው የሚደርሰው።

ጠላው ላይ ብዙ አልልም፣ ያስለቅሰኛል። ብቅል የሚሠራው ገብሱ አድሮ ርሶ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ሦስት አራት ቀን በቅሎ፣ ከዚያ በፀሐይ ደርቆ ነው። ፀሐይ! በነሐሴ! ካልደረቀ ይሻግታል፣ የሻገተ ብቅል ደግሞ ጋኑን ሙሉ ያበላሻል። ስለዚህ የክረምቱ ብቅል በግንቦት ተሠርቶ፣ ተለክቶ ነው የሚቀመጠው። ጌሾው ከተጠነሰሰ ጀምሮ ጠላው እስኪጠራ በዚህ ብርድ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። «የጎንደር ጠላ አማረኝ» ብላችሁ በበራችሁ በማግስቱ ጋን አይከፈትም።

በርበሬውም እንደዚያው ነው፣ እዚህ ላይ ግን ዝም አልልም። ሽሮውና በርበሬው ክረምት ሳይገባ ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ እስከ መስከረም ድረስ በቤቱ ሰው ልክ የተቀመጠ ነው። እስከዚያ ሌላ ማዘጋጀት አይቻልም፣ የሚሰጣበት ፀሐይ የለም። መሄጃችሁ ሲደርስ ግን በዚያ በለስላሳ ድምፅ «እስቲ ትንሽ በርበሬ ቋጥሩልን፣ የአዲስ አበባው አይሆንልንም»። ይህቺ «ትንሽ» አምስት ኪሎ ናት። ከዚያ ሽሮ ሦስት ኪሎ። ከዚያ «ለእገሊትም ትንሽ»። አይቋጠርላችሁም የሚል የለም፣ እሱማ ነውር ነው። ግን በሰኔ ብትነግሩን ሁለት ኪሎ ዛላ እንጨምር ነበር። አሁን የወሰዳችሁት የነሐሴ ወጣችንን ነው።

ደግሞ የቀኑ ሒሳብ ለእናንተ ለራሳችሁም አይወጣም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው ያለው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንዳንድ ቀን ይጨመራል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ሦስት ሳምንት አይሞላም። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ እንኳ ለመምጫና ለመመለሻ ሁለት ቀን ሄደ፣ አንድ ቀን ደግሞ ወገብ ማሳረፊያ። በአውሮፕላን የመጣም ቢሆን አዘዞ ላይ ደመና ከተኛ ሰዓቱን አይተማመንም።

ከዚያ ጥየቃው አለ። ጥየቃ ተራ አለው። መጀመሪያ እናንተ በሌላችሁበት ለቅሶ የተቀመጠ ቤት፣ ዓመት ቢሞላውም። ቀጥሎ የታመመ፣ ቀጥሎ አራስ፣ ከዚያ ያስመረቀና የዳረ። ይህን ተራ አፍርሳችሁ ሳቅ ያለበት ቤት ቀድማችሁ ገብታችሁ ፎቶ ከለጠፋችሁ ያዘነው ቤት እስከ ጥምቀት ይቀየማችኋል፤ ቅያሜውንም የሚሰማው እዚህ የቀረው ዘመዳችሁ ነው። አንድ ቤት ስትገቡ ደግሞ ቡናው ሦስት ነው፣ አቦል ጠጥቶ መነሳት የለም። «በሞቴ» የምትባለው ጉርሻም አለች። ሁለት ሰዓት ያልቃል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል። ስለዚህ በቀን ሁለት ቤት ነው የሚቻለው፤ 14 ቤት ያለበት ሰው 7 ቀኑን ሰጠ። የሚያወጣው መንገድ በሰፈር ማሰር ነው። አዘዞ ያለው ዘመድ ሁሉ በአንድ ቀን፣ ማራኪና ቀበሌ 18 በአንድ ቀን፣ ፒያሳና አራዳ በአንድ ቀን። ቁስቋም ያለው በጠዋት፤ ከዝናብ በኋላ ያንን ዳገት ባጃጁ እሺ አይልም። እና ደውሉ! ሳትደውሉ ሄዳችሁ በሩ ዝግ ከሆነ፣ «መጥተው ነበር አሉ፣ ቆመው እንኳ አልጠበቁንም» ተብሎ ይወራል።

እናንተ ግን በዚህ ሁሉ መሃል ጓደኛን የት አስቀመጣችሁት? የመጨረሻዋ ምሽት ላይ። ሻንጣ እየታሰረ፣ በርበሬው እየተቋጠረ፣ «ፒያሳ ለአንድ ሰዓት እንገናኝ»። አብሮ ያደገ፣ አንድ ወንበር ላይ የተማረ ሰው፣ ከመጣችሁበት ቀን ጀምሮ «ነገ እደውልልሃለሁ» ሲባል የከረመ ሰው። ያንን አንድ ሰዓትም ግማሹን ስልክ ላይ ናችሁ።

ከዚያ የባሰም አለ፤ ጓደኛን አስጎብኚ ማድረግ። ልጆቹን ፋሲል ግቢ ውሰድልን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውሰድልን። የሥላሴን ጣሪያ መላእክት በዓይናቸው አቀማመጥ ለይተን አውቀናቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ ልጆቹን የመዋኛ ልብስ አስይዞ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይልካል! ወገኖቼ፣ ገንዳው በነሐሴ ባዶ ነው። ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ልጁ ደረቅ ገንዳ ዳር ቆሞ ሲያለቅስ የሚያባብለው ያ ጓደኛ ነው።

ያ ጓደኛ ደግሞ እሱም ሠራተኛ ነው። እሱም ያለው እነዚያኑ 16 ቀናት ነው። ፈቃድ በፕሮግራም ነው የሚወጣው፣ ከአለቃው ጋር ከወዲሁ ተነጋግሮ ነው። መምጫችሁን በሰኔ ብትነግሩት ሦስት ቀን አውጥቶ ይጠብቃችሁ ነበር፤ ጎርጎራ ወርዳችሁ አንድ ቀን ጣና ዳር ትውሉ ነበር። አሁን ግን ከሥራ «ታመምኩ» ብሎ ይወጣል፣ ወይም ሳይወጣ ይቀርና «ተለወጠ» ትሉታላችሁ። የመጣችሁ በሦስተኛው ቀን ማታ ለጓደኛ ይሁን፤ የድካሙ ስሜት ወጥቷል፣ ጥየቃው ገና አልከበደም፣ ቅያሜም አልተጀመረም።

የምንለምናችሁ አንዲት መልእክት ናት። ከሳምንት በፊት፣ በቴሌግራም ትሁን በምን፣ እንደዚህ ብላችሁ ላኩ፦ «ሐምሌ 20 ማታ እንገባለን፣ ሐምሌ 29 ጠዋት እንወጣለን። ሦስት ትልቅ፣ ሁለት ልጅ ነን። ልጆቹ ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። በርበሬ ይዘን አንሄድም።»

የመጨረሻዋን ብትዋሹ እንኳ ግድ የለም።