ቅዳሜያቸውን ለባቡር የሚሰጡ ሰዎች

ይህን የምጽፈው ተወልጄ ባደግሁባት በጅማ ሆኜ ነው። ለአንድ ወር ዕረፍት ከምኖርባት ከእንግሊዝ አገሯ ከተማ ከበርሚንግሃም ከመጣሁ ወዲህ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ያደረግሁት የሁለት ቀን ጉዞ ደጋግሞ ትዝ ይለኛል። ሃያ ያህል ሆነን አንድ አነስተኛ አውቶቡስ ተከራይተን፣ ቅዳሜና እሑድን በድንጋይ ከሰልና በእንፋሎት የሚሠሩ የጥንት ባቡሮችን ስንጎበኝ ነበር ያሳለፍነው። ነገሩን ዛሬ ያነሳብኝ በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ያየሁት ሲሆን፣ ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ጉዞውን ማስቀደም ይኖርብኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የደረስነው ኪደርሚንስተር ጣቢያ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ የሰቨርንን ወንዝ እየተከተለ እስከ ብሪጅኖርዝ የሚሄደው የሰቨርን ቫሊ መስመር 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ እየጨሰ ቆሟል። ትልቅ ሎኮሞቲቭ ብረቱ ቀስ በቀስ ካልሞቀ ስለሚጎዳ፣ ከጉዞው ብዙ ሰዓት አስቀድሞ እሳቱ መለኮስ አለበት፤ እኛ ቁርሳችንን በልተን ስንደርስ፣ እሳቱን ያነደዱት ሰዎች ገና ሌሊት ተነሥተው ከምድጃው አመድ ጠርገው፣ እንጨትና ከሰል ደርድረው፣ ውሃውን ለክተው ጨርሰው ነበር። ከመንኮራኩሩ ሥር 16 ወይም 17 ዓመት የሚሆነው ልጅ ተንበርክኮ፣ ዘይት በጠጣ ጨርቅ የብረቱን ዘንግ ይወለውላል። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ደመወዝ አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው በጥያቄዬ ተገርሞ፣ እንደሌለውና ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገረኝ። መጀመሪያ ጠራጊ፣ ከዚያ ከሰል ጨማሪ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ፈተናውን ካለፈ፣ ነጂ ይሆናል። ከአጠገቡ የቆሙት ሽማግሌ ነጂም የጀመሩት በዚያው ጨርቅ ነበር። በመስመሩ ላይ ደመወዝተኛ ሠራተኞች ቢኖሩም፣ ትኬት ቆራጩም፣ ምልክት ሰጪውም፣ የጣቢያውን አበባ ውሃ የምታጠጣውም ሴት በአብዛኛው በነፃ የሚያገለግሉ ናቸው።

የፉርጎ መጠገኛውንም አይተናል። አንድ አናጢ የበሰበሰ የበር መቃን አውጥቶ፣ አዲሱን እንጨት በአሮጌው ልክ ሲቀርጽ ብዙ ደቂቃ ቆሜ ተመለከትሁት፤ የጅማ ልጅ ስለሆንሁ ከአንድ ግንድ በርጩማ ፈልፍለው የሚያወጡት ባለሙያዎቻችን ትዝ አሉኝ።

እሑድ ወደ ዌልስ ዘለቅን። የታሊሊን መስመር ጠባብና አጭር ሲሆን፣ በ1865 የተከፈተው ከተራራ የሚፈለጠውን የጣሪያ ድንጋይ ለማጓጓዝ ነበር። ባለቤቱ በ1950 ሲሞቱ ባቡሩ እንዳይዘጋ የሰጉ ሰዎች በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ እኔ በምኖርበት በበርሚንግሃም ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰቡ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ቶም ሮልት የተባለው ጸሐፊ ነበር። ማኅበር አቋቁመው በ1951 ባቡሩን ራሳቸው መንዳት ጀመሩ፤ በዓለም ላይ በበጎ ፈቃደኞች የተረፈ የመጀመሪያው የባቡር መስመር ይኸው ነው። መስመሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሠራባቸው የነበሩት ሁለቱ ሎኮሞቲቮች፣ ታሊሊን እና ዶልጎህ፣ ብዙ አካላቸው ተለውጦም ቢሆን ዛሬም አሉ።

ይህን ያየ የአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ «እነሱ ታሪካቸውን ይወዳሉ፣ እኛ ግን አንወድም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንግሊዞችም ጥለውት ነበርና። የመንግሥቱ ባቡር ድርጅት ሊቀመንበር ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ በ1963 ያቀረቡት ጥናት ከ2,300 በላይ ጣቢያዎችና 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር እንዲዘጋ ሐሳብ ያቀረበ ሲሆን፣ የሰቨርን ቫሊ አብዛኛው ክፍልም በዚያው ዓመት ለመንገደኛ ተዘግቶ ነበር። በ1968 የመንግሥቱ ባቡር ድርጅት በዋና መስመሮቹ ላይ እንፋሎትን ተሰናበተ። ሎኮሞቲቮቹ በየቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ግቢ ተቆራርጠው ተሸጡ። በደቡብ ዌልስ ባሪ በምትባል ከተማ ዝገት ሲበላቸው ከነበሩት መካከል ግን 213 ሎኮሞቲቮች ከመቆረጥ ተርፈዋል፤ የገዟቸው ከኪሳቸው ትንሽ ትንሽ ያዋጡ ተራ ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱን የፈጠረው፣ በእኔ እምነት፣ ሙያውን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ከጎናቸው የሚቆም ተማሪ ማግኘታቸው ነው።

ባቡር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቃሉ ራሱ እንፋሎት ማለት ከሆነው «ቫፖሬ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ለዚህም ነው አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ማሽን ሐዲድ ሳያስፈልገው «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር መስመር ፈቃድ በ1897 ከጅቡቲ ወደ ሥራ ገብቶ፣ በ1902 ድሬዳዋን ወልዶ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ክፍል ብረት አቅልጠው መለዋወጫ የሚሠሩ፣ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ ሰዎች ነበሩ። ከአስመራ ምፅዋ ያለውም መስመር በጦርነት ፈርሶ ሐዲዱ ለምሽግ ከዋለ በኋላ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ተመልሰው ተጠርተው፣ በዚያው በአሮጌው ሐዲድና በአሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች በ2003 እንደገና አስመራ አስገቡት። ስለዚህ እጃችን አይችልም የሚል ካለ ይህን ይመልከት።

ጅማ ሐዲድ ደርሶባት አያውቅም። ስሟ በዕቅድ ላይ ቢጠራም፣ ቡናዋ ዛሬም አዲስ አበባ የሚገባው በመኪና ነው። ይሁን እንጂ እኛ ልጆች ሳለን «ባቡር ቤት ሂድ» ስንባል፣ እህል ተሸክመን የምንሄደው ወደ ወፍጮ ቤት ነበር። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ወፍጮ ቤት ጎበኘሁ። ሞተሩ በእንግሊዝ አገር ደርስሊ በምትባል ከተማ የተሠራ ባለ አንድ ፒስተን ሊስተር ነው። ይህን ዓይነት ሞተር በእንግሊዝ አገር ባለቤቶቹ በየበጋው ሜዳ ላይ አውጥተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ሕዝብ እንዲያየው ያስነሱታል። በእኛ ሰፈር ጤፍና በቆሎ ይፈጭበታል፤ ይህ ደግሞ ለማሽን የሚሻለው ሕይወት ነው።

ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው የወፍጮው ባለሙያ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ይመስለኛል። ማኖቬላውን፣ ማለትም ሞተሩን በእጅ የሚያዞሩበትን ብረት፣ ሰክተው፣ ሦስት ጊዜ አዙረው፣ ቫልቮላውን በትክክለኛዋ ቅጽበት ሲለቁት ሞተሩ ተነሣ። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሰማህ ልጄ? ጓርኒሶው ሊሄድ ነው» አሉኝ፤ በሞተሩ ብረቶች መጋጠሚያ መካከል የሚገባው ማሸጊያ ሊበላሽ ነው ማለታቸው ነው። እኔ ምንም አልሰማሁም። ኪደርሚንስተር ላይ ነጂው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሎኮሞቲቩን ሲያዳምጥ ያየሁት ፊት እንዲሁ ነበር። «ይህን ማን ይማራል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ጂዳ ነው፤ ሁለት ረዳቶች መጥተው በወራት ውስጥ ባጃጅ ለመንዳት ሄደዋል።

ረዳቶቹን አልወቅሳቸውም። ሰቨርን ቫሊ ላይ በነፃ ሲያገለግሉ ያየኋቸው ሽማግሌዎች ጡረታቸው በየወሩ ይደርሳቸዋል፣ ልጁም ማታ ቤቱ ሲገባ እራት ይጠብቀዋል። ቅዳሜን በነፃ መስጠት የሚቻለው የሌሎቹ ቀናት እንጀራ ሲኖር ነው። ቢሆንም እኛ ለአጨዳና ለቤት ሥራ ደቦ የምንጠራ፣ ለቀብር እድር ያቋቋምን ሕዝብ ነን፤ አንድ ሙያ ከባለሙያው ጋር እንዳይቀበር የሚሰበሰብ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገው ልማድ በእጃችን አለ። ጅማ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች የሚማሩባት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ከተማሪዎቹ አምስቱ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን አባባ ዘንድ ቢቀመጡ፣ በመጽሐፍ የማያገኙትን ያንን ድምፅ ይሰሙ ነበር።

እኔ ደብተር ይዤ የሚሉትን መጻፍ ጀመርሁ። የቺንጊያውን ውጥረት በእጅ ጫና እንዴት እንደሚለኩ፣ ናፍጣው ውሃ ሲገባበት ጭሱ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚኖረው ነገሩኝ። ጓርኒሶው ላይ ስንደርስ ግን እጄን ያዙና «ይህ በጽሑፍ አይሆንም፤ ቅዳሜ ስቀይረው ና፣ ቡሎኑን አንተ ራስህ ታጠብቃለህ» አሉ። በረራዬ ዓርብ ነው። ማታ ለእህቴ ልጅ ነገርሁት፤ አሮጌ ልብስ መልበስ እንዳለበት ጠየቀኝ።